ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ፦ ቃል ኪዳናቸውን የጠበቁ ሰማዕት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከንስሐ አባታችን ፊት ተነሥተን በወጣንበት ዕለት፣ ከሕመም አልጋ በተነሣንበት ማለዳ በልባችን የምናስባቸው መልካም ውሳኔዎች ብዙዎች ናቸው። ጸሎት ላላስታጕል፣ ከስካር ልርቅ፣ የበደለኝን ይቅር ልል፣ ዐሥራት በኵራቴን ላወጣ፣ ለቅዱስ ቍርባን ልዘጋጅ ብለን እንወስናለን። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ግን ብዙው ውሳኔ እንደ ማለዳ ጤዛ ይረግፋል። የሚያስገርመው ማንም ሰው ቃሌን ክጃለሁ ብሎ አለመተዉ ነው። ዛሬ እንግዳ መጣብኝ፣ ዛሬ ደከመኝ፣ የዛሬው ነገር ከሌላው ቀን ልዩ ነው እያለ ይተወዋል እንጂ። ውሳኔን የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ክሕደት ሳይሆን ምክንያት ነው።

ሐምሌ 22 ቀን መታሰቢያቸውን የምናደርግላቸው ሰማዕቱ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ይህን ጉዳይ በሕይወታቸው ያስተምሩናል። ብዙዎቻችን እኒህን አባት የምናውቃቸው በመጨረሻዋ ሰዓታቸው ነው። በአዲስ አበባ የቆመውን ሐውልታቸውን አይተናል፤ በጥይት መመታታቸውንም በትምህርት ቤት ተምረናል። በዚያች ሰዓት የታየው ጽናት ግን በዚያች ሰዓት የተወለደ አልነበረም። ቀደም ብለው ቃል ሰጥተው ነበር፤ ያንም ቃል በየጊዜው ሲጠብቁ ኖረዋል። ታሪካቸውን በዚህ ዓይን ስንመለከተው ከእኛ ጥቃቅን ውሳኔዎች ጋር እንደሚገናኝ እንረዳለን።

በደብረ ሊባኖስ የተሰጠ ቃል

አቡነ ጴጥሮስ የተወለዱት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ በሰላሌ ፍቼ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። የመጀመሪያ ስማቸው ኃይለ ማርያም ይባል ነበር። እንደ ዘመኑ የቆሎ ተማሪዎች የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ደረጃ በደረጃ ተምረው፣ ከትውልድ ስፍራቸው ብዙም በማይርቀው በታላቁ ገዳም በደብረ ሊባኖስ መነኰሱ። ከዚያም ወንበር ዘርግተው ደቀ መዛሙርትን የሚያስተምሩ፣ ወንጌልን የሚሰብኩ መምህር ሆኑ።

በዚህ ስፍራ ጥቂት ቆም ብለን ሥርዓተ ምንኵስናን እናስብ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት አንድ ሰው ሲመነኵስ በቁሙ ሳለ ጸሎተ ፍትሐት ይደገምለታል። ይህ ጸሎት ለሞተ ሰው የሚደርስ ነው። መነኵሴው ከዚያች ዕለት ጀምሮ ለዚህ ዓለም ክብርና ተድላ ሞቷል፤ ለክርስቶስ ብቻ ሕያው ሆኗል ማለት ነው። ቅናቱን ሲታጠቅ፣ ቆቡን ሲደፋ የሚገባው ቃል ለአንድ ወቅት የሚቈይ አይደለም፤ እስከ ዕለተ ሞቱ የሚጸና ነው።

ስለዚህ ለአባታችን ሞት በሐምሌ ወር 1928 ዓ.ም. ድንገት የመጣ እንግዳ አልነበረም። በደብረ ሊባኖስ አስቀድመው ተቀብለውት ነበር። በፍርድ አደባባይ የቀረበላቸው ጥያቄ ያን ጊዜ የገቡትን ቃል ዛሬም ይጠብቁት እንደ ሆነ የሚፈትን ነበር።

በአንድ ዓመት የተሾሙት አራቱ አባቶች

ኢትዮጵያ ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመን ጀምሮ ጳጳስ የምትቀበለው ከእስክንድርያ መንበር ነበር። ከልጆቿ መካከል ጳጳሳት እንዲሾሙላት ብዙ ዘመን ስትማጸን ኖራለች። ልመናዋ ፍሬ ያፈራው በ1921 ዓ.ም. ነው። በእስክንድርያው ፓትርያርክ በአቡነ ዮሐንስ 19ኛ ዘመን አራት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ወደ ግብፅ ሄደው ማዕረገ ጵጵስና ተቀበሉ። እነዚህም አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ናቸው። በዚያው ዘመን ግብፃዊው አቡነ ቄርሎስ የኢትዮጵያ ሊቀ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ።

ይህ ሹመት ሌላ ቃል ኪዳን ነበር። ጳጳስ የበጎች ጠባቂ ነው። ጌታችን በወንጌል እንዳስተማረው ቸር እረኛ ነፍሱን ስለ በጎቹ ያኖራል፤ ምንደኛ ግን ተኵላ ሲመጣ በጎቹን ጥሎ ይሸሻል (ዮሐ. 10፥11-13)። አራቱም አባቶች ይህን ኃላፊነት በአንድነት ተቀበሉ። በቀጣዮቹ ዓመታት ግን የእያንዳንዳቸው ቃል በልዩ ልዩ እሳት ተፈተነ።

አቡነ ጴጥሮስ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ተመድበው መቀመጫቸውን በደሴ አደረጉ። የዛሬዋ ከሚሴ ያለችበት የወሎ ምድር በእረኝነታቸው ሥር ነበረ። የክርስቲያኑና የሙስሊሙ መንደር ጎን ለጎን በሚገኝበት፣ ገበያውና ለቅሶው በሚያገናኘው በዚህ አገር ላይ ጳጳስ መሆን በቃልም በኑሮም ምስክር መሆንን ይጠይቃል።

የደሴ ጎዳና

የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. መባቻ አገራችንን ወረረ። ኅዳር 26 ቀን ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች፤ የቀይ መስቀል ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። አቡነ ጴጥሮስ የራሳቸው መንጋ በእሳት ሲፈተን አዩ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሰሜን ሲዘምቱም አብረው ዘመቱ። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ የኢትዮጵያ ሠራዊትም ድል ተነሥቶ ተበተነ።

ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ በጠላት እጅ ወደቀች። ሚያዝያ 18 ቀን የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከደሴ ተነሥቶ የወሎን ጎዳና ይዞ ወደ አዲስ አበባ ተንቀሳቀሰ። ይህ ጎዳና ለእኛ ለአካባቢው ነዋሪዎች እንግዳ አይደለም። ከኮምቦልቻ ወርዶ በሐርቡ፣ በከሚሴ፣ በካራቆሬ፣ በአጣዬና በሰንበቴ አድርጎ፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ጣርማ በር የሚወጣው መንገድ ነው። ዛሬ በአውቶቡስ ተቀምጠን የቦርከናንና የጨፋን ሜዳ እያየን በምናልፍበት መስመር ያን ጊዜ የወራሪው የጭነት መኪና ረድፍ አለፈበት። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች።

የአቡነ ጴጥሮስ ሀገረ ስብከት ከእጃቸው ወጣ፤ መንበራቸውም የጠላት ጦር ማረፊያ ሆነ። አባታችን ግን ቃል ኪዳናቸው ከመንበራቸው ጋር እንደ ጠፋ አልቈጠሩትም። ቃል ወደ ገቡበት ገዳም ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄዱ።

የተከፈቱ በሮች

በዚያ ወራት ከአባታችን ፊት ብዙ በሮች ተከፍተው ነበር። አንዱ በር ስደት ነው። ብዙ መኳንንትና ካህናት ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ልዩ ልዩ አገር ተሰደዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎች በስደት ሳሉ ለአገራቸው ጸልየዋል፣ ደክመዋል። ሁለተኛው በር ዝምታ ነው። በገዳም ተወስኖ ጾምና ጸሎት ይዞ መቈየት ለመነኵሴ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሦስተኛው በር መገዛት ነው። ጠላት ለሚገዙለት አባቶች ክብርና ሹመት አዘጋጅቶ ነበር።

የእነዚህ በሮች ፈተና እያንዳንዳቸው በቂ ምክንያት የያዙ መሆናቸው ነው። ከሞትኩ መንጋውን ማን ይጠብቃል የሚል ምክንያት አለ። ሁሉም ተገዝቷል፣ እኔ ብቻዬን ምን እለውጣለሁ የሚል ምክንያትም አለ። ለቤተ ክርስቲያን ሰላም ሲባል መታገሥ ይሻላል የሚል ምክንያትም አለ። እነዚህ ድምፆች በየዘመኑ ቃላቸውን የገቡ ሰዎችን ሁሉ ያናግራሉ። አቡነ ጴጥሮስ ግን እረኝነታቸው ከተበተነው መንጋ ጋር እንዲሆኑ እንደሚያዝዛቸው ተረድተው አርበኞቹን ለማጽናት ወሰኑ።

በሰላሌ የነበሩት የራስ ካሣ ልጆች፣ ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋ ወሰን፣ ከሌሎች አርበኞች ጋር መክረው አዲስ አበባን ከጠላት ለማስለቀቅ ዘመቱ። አቡነ ጴጥሮስም አብረው ነበሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. በክረምቱ ዝናብና ጭቃ መካከል አርበኞቹ ከተማዋን ከልዩ ልዩ አቅጣጫ አጠቁ፤ አንዳንዶቹም እስከ መሀል ከተማ ደረሱ። ከየአቅጣጫው የመጣው ጦር ግን በአንድ ጊዜ ሊገናኝ አልቻለም፤ የጠላት መሣሪያም በረታ። አርበኞቹ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ አቡነ ጴጥሮስ በጠላት እጅ ገቡ።

ሐምሌ 22

አባታችን ከተያዙ በኋላ ፍርዱ አልዘገየም። ሕዝብን በዐመፅ አነሣሥተዋል፣ የኢጣልያን መንግሥት እንዳይቀበል ሰብከዋል ተብለው ተከሰሱ። ስለዚህ ቀን ከተጻፉት ምስክሮች አንዱ በስፍራው የነበረው ኢጣልያዊው ጋዜጠኛ ቺሮ ፖጃሊ ነው። በጠላት ወገን የቆመ ሰው የጻፈው ምስክርነት መሆኑ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል።

በታሪክ እንደ ተመዘገበው፣ ከዳኞቹ አንዱ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስን ጨምሮ ሌሎች ካህናት ሲገዙ እሳቸው ብቻ ለምን እንዳመፁ ጠየቃቸው። አባታችን የሰጡት መልስ የቃል ኪዳናቸውን ምንነት የሚገልጥ ነው። አቡነ ቄርሎስ ግብፃዊ መሆናቸውን፣ እሳቸው ግን ኢትዮጵያዊ እንደ መሆናቸው ለአገራቸውና ለቤተ ክርስቲያናቸው ተጠያቂ መሆናቸውን አስረዱ። ፍርዱን ለፈጣሪያቸው ሰጥተው፣ በራሳቸው ላይ የፈለጉትን እንዲያደርጉ፣ ተከታዮቻቸውን ግን እንዳይነኩ ለመኑ። ቸር እረኛ በመጨረሻዋ ሰዓት የሚያስበው በጎቹን ነውና። ይህን ስንናገር በሌሎች አባቶች ላይ ለመፍረድ አይደለም። አቡነ ቄርሎስም ቆየት ብለው የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ከእስክንድርያ መንበር ለመለየት ጠላት ያቀደውን ሳይቀበሉ ወደ ግብፅ ተመልሰዋል።

ሞት ተፈረደባቸው። በአዲስ አበባ አደባባይ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቆሙ። በመስቀላቸው ሕዝቡን ባረኩ። ሕዝቡ ለወራሪ እንዳይገዛ፣ ምድሪቱም እንዳትቀበለው አወገዙ። ዐይናቸው እንዲሸፈን ይፈልጉ እንደ ሆነ ሲጠየቁ ጕዳዩን ለገዳዮቻቸው ተዉላቸው፤ ለእሳቸው ልዩነት አልነበረውም። በደብረ ሊባኖስ ለዓለም የሞተ መነኵሴ በጥይት ፊት የሚጨነቅበት ነገር አልቀረውም ነበርና። ተኳሾቹ ተኮሱ፤ አባታችንም ሰማዕትነትን ተቀበሉ።

ከእሳቸው በኋላ የሆነው የዚያን ቃል ዋጋ ይበልጥ ያሳያል። አብረዋቸው የተሾሙት አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም. በጎሬ በተመሳሳይ ጽናት ተገደሉ። ደጃዝማች አበራና አስፋ ወሰን ካሣ በሕይወት ትኖራላችሁ የሚል የጠላትን ተስፋ አምነው እጃቸውን ቢሰጡ፣ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በፍቼ ተገደሉ። ፍቼ የአቡነ ጴጥሮስ የትውልድ ከተማ ናት። ግንቦት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጻድቁ አባታችን የተክለ ሃይማኖት በዓል በሚከበርበት ጊዜ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ተከበቡ፤ በማግሥቱም በግራዚያኒ ትእዛዝ ተረሸኑ። ጠላት ራሱ በመጀመሪያው ዘገባው 297 መነኰሳት መገደላቸውን ጻፈ፤ የኋላ ጥናቶች ቍጥሩ ከዚህ እጅግ የበለጠ መሆኑን አሳይተዋል። አቡነ ጴጥሮስ ቃል የገቡበት ገዳም የቃሉን ዋጋ በደም ከፈለ።

ከአራቱ አንዱ የሆኑት አቡነ አብርሃም ደግሞ በ1930 ዓ.ም. በኢጣልያ አስተዳደር የቤተ ክርስቲያኒቱ የበላይ ሆነው ተሾሙ፤ የእስክንድርያ መንበርም ያን ሹመት አወገዘ። የልብን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። እኛ ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው፦ በአንድ ወቅት አንድ ማዕረግ መቀበል ሁሉንም በአንድ መጨረሻ አያደርስም። ቃል የሚጸናው በገባንበት ዕለት ሳይሆን በየዕለቱ ስንጠብቀው ነው።

የሐይቁ ዳር ሙቅ ቤት

በየዓመቱ መጋቢት 13 ቀን በስንክሳር የሚታሰቡት የሰባስጥያ አርባ ሰማዕታት ይህንኑ ያስተምሩናል። በሮም ንጉሥ በሉኪኒዮስ ዘመን አርባ ወታደሮች ክርስቶስን አንክድም በማለታቸው በብርድ ሌሊት በረዶ በጋገረው ሐይቅ ላይ ራቁታቸውን ቆሙ። ገዳዮቻቸው በሐይቁ ዳር የጋለ የመታጠቢያ ቤት ከፍተው ነበር። የካደ ሁሉ ወደዚያ ገብቶ እንዲሞቅ ተፈቀደለት። ሠላሳ ዘጠኙ ጸኑ። አንዱ ግን ብርዱን መታገሥ አቅቶት ወደ ሙቁ ቤት ሮጠ፤ እንደ ገባም ሞተ። ያን ጊዜ ከጠባቂዎቹ አንዱ አክሊላት ከሰማይ ሲወርዱ፣ አንዱ አክሊል ባለቤት አጥቶ ሲቀር አየ። ልብሱን ጥሎ ክርስቲያን ነኝ ብሎ ወደ ሐይቁ ገባ፤ ቍጥራቸውም አርባ ሆኖ ተፈጸመ።

ያ ወታደር በሌሊቱ መጀመሪያ ከሌሎቹ ያነሰ አልነበረም። አብሯቸው መስክሮ፣ አብሯቸው ተገፎ ገብቷል። የጣለው ሙቁ ቤት ነው። ለእያንዳንዱ መልካም ውሳኔ በዳር የተከፈተ አንድ ሙቅ ቤት አለ። ለአቡነ ጴጥሮስ ሹመትና ሕይወት ነበር። ለእኛ ምናልባት አንድ ሰዓት እንቅልፍ፣ አንድ ብርጭቆ መጠጥ፣ የጓደኛ ሣቅ፣ ወይም የቂም ጣዕም ነው። ዕርፍ ጨብጦ ወደ ኋላ የሚመለከት ለእግዚአብሔር መንግሥት የተገባ እንዳልሆነ ጌታችን ያስጠነቀቀን ስለዚህ ነው (ሉቃ. 9፥62)።

ከሰንበቴው እንጀምር

የከተማችን ስም ሰንበቴ በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ሌላ ትርጕም አለው። ሰንበቴ ምእመናን ተራ ገብተው በየሰንበቱ ጠበልና ጸዲቅ አዘጋጅተው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነዳያንን የሚያበሉበት ማኅበር ነው። ተራው የደረሰበት ሰው እህል ቢወደድ፣ ቤቱ ቢታመም፣ ሥራ ቢበዛበት ተራውን አያሳልፍም። ቃሉ ከአባት ወደ ልጅ ይወርሳል። እናቶቻችን ገንዘብ በማይገኝበት ክረምት እንኳ ከጎተራቸው ጠርገው ዳቦውን ይጋግራሉ፤ ጠላውን ይጠምቃሉ። ተራ ማጕደል በሰው ፊት ብቻ ሳይሆን በእግዚአብሔር ፊት እንደ ዕዳ ይቈጠራል።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን የጽናት ትምህርት ቤት ይህ ነው። በትንሹ የታመነ በብዙውም ይታመናል (ሉቃ. 16፥10)። አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ የቆሙት ብዙ ሌሊቶችን በጸሎት ከቆሙ፣ ብዙ ጾሞችን ሳያፈርሱ ከፈጸሙ በኋላ ነው። ስለዚህ ውሳኔያችንን ለመጠበቅ ከሕይወታቸው ጥቂት ነገሮችን እንውሰድ።

መጀመሪያ፣ ውሳኔያችንን በምስክር ፊት እናድርግ። መነኵሴ በአበው ፊት፣ ጳጳስ በሲኖዶስ ፊት፣ የሰንበቴ ተራ ገቢ በማኅበሩ ፊት ቃል ይገባል። እኛም ለንስሐ አባታችን የምንነግረው ውሳኔ ለራሳችን ብቻ ከምናስበው ይልቅ ይጸናል።

ሁለተኛ፣ ፈተናው ሳይመጣ መልሱን እንወስን። አባታችን በደብረ ሊባኖስ የተቀበሉት ቃል በፍርድ አደባባይ መልሳቸው ሆነ። ጾም የያዘ ሰው የሠርግ ግብዣ ፊት ተቀምጦ ሊወስን አይገባውም፤ ከቤቱ ሳይወጣ ወስኖ ይሂድ።

ሦስተኛ፣ የሌላው ሰው መውደቅ ምክንያት አይሁነን። ሌላው ተገዝቷል የሚለው ቃል በአቡነ ጴጥሮስ ፊት ቀርቦ ነበር፤ እሳቸው ግን ስለ ራሳቸው ተጠያቂነት መለሱ።

አራተኛ፣ ብንወድቅ ተስፋ አንቍረጥ። ባዶ የቀረውን አክሊል የሞላው ማለዳ ጠባቂ የነበረው ሰው ነው። የእግዚአብሔር ምሕረት እስከ ሌሊቱ መጨረሻ ድረስ ለሚመለስ ሁሉ ቦታ አላት። ቃሉን ያፈረሰ ሰው በንስሐ ተነሥቶ ዛሬ እንደ ገና ሊጀምር ይችላል።

የሰማዕቱ መታሰቢያ

ከነጻነት በኋላ ለአባታችን በአዲስ አበባ ሐውልት ቆመላቸው፤ አደባባዩም በስማቸው ተጠራ። በ2005 ዓ.ም. ለከተማው ባቡር ግንባታ ሲባል ሐውልቱ ከስፍራው ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። ድንጋይ ይነሣል፣ ይመለሳል። ጸንቶ የሚኖረው አባታችን የጠበቁት ቃል ነው።

በወሎ ጎዳና ዳር፣ በከሚሴና በሰንበቴ የምንኖር ምእመናን እኒህ አባት የቅርባችን እረኛ እንደ ነበሩ ማሰብ ይገባናል። የሚቀጥለው ሰንበት ተራችን ሲደርስ፣ የሚቀጥለው ጾም ሲገባ፣ ሙቁ ቤት በዳር ተከፍቶ ሲጠራን ስማቸውን እናስታውስ።

የሰማዕቱ የአቡነ ጴጥሮስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ የጀመርነውንም መልካም ነገር እስከ ፍጻሜ እንድናደርስ እግዚአብሔር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።